ሁላችንም ተስማምተናል

ሰኞ። ትምህርት ቤት ሊከፈት 56 ቀን።

ይህን ደብተር የገዛሁት የተቆረጠ ጣውላ ልመዘግብበት ነበር። ሚስቴ ናት፣ "አንተ ሰውዬ፣ የሥራ ቤትህን ወሬ ለእኔ ከምትዘበዝበው ለወረቀት ዘብዝበው፤ ወረቀት እንቅልፍ አይወስደውም" ያለችኝ። ይኸው ጀመርኩ።

ዛሬ ትንሹ አለቃ ሰበሰበን። ትንሹ የምንለው ዎርክሾፑን ያቆሙት አባቱ ትልቁ አለቃ ስለነበሩ ነው እንጂ ቁመቱስ በር ላይ ያጎነብሳል። መጽሐፍ አንብቦ መጣ። አለቃ መጽሐፍ ሲያነብ አናጢ መጸለይ አለበት። "ቡድን የሚቀናው የሚመሳሰሉ ሰዎች ሲሰባሰቡ ነው ወይስ የማይመሳሰሉ?" ብሎ ጠየቀን። በጠዋቱ እንዲህ ዓይነት ነገር ማን ይመልሳል?

አራት መቶ የተማሪ ዴስክ ታዟል። እንጨቱን የምንሠራው እኛ ነን፤ የብረት እግሩን ሌላ ፋብሪካ ሠርቶ በመጨረሻ ያመጣል፤ ከዚያ መግጠም ብቻ ነው። ሁለት ቡድን ሆናችሁ ሁለት መቶ ሁለት መቶ ተካፈሉ ተባልን። "ጋሼ፣ እርስዎ የሚፈልጉትን ይምረጡ፤ የተረፈው ሌላው ቡድን ይሆናል" አለኝ። ቀጥሎ ፈገግታውን ሰበሰበና፣ ከዚህ ሥራ በኋላ የሚቀጥለው አንድ ቡድን ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ያነሰው ይበተናል። እኛ ነባሮቹ ብንሸነፍ ቋሚ ሠራተኞች ስለሆንን በየክፍሉ እንበታተናለን። የሚተርፉት ቢሸነፉ ግን የኮንትራት ሰዎች ናቸው፤ ኮንትራታቸው አይታደስም።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። መረጥኩ። አማቼን፣ ማለትም የሚስቴን ወንድም። መንታዎቹን፤ ወንድማማች እንኳ አይደሉም፣ አሥራ አራት ዓመት ጎን ለጎን ሲልጉ መልካቸው ሳይቀር ተመሳስሎ ነው። ሬዲዮን፤ ሬዲዮ ያልነው ስለማይናገር ነው። አራቱንም መዶሻ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። እርሳስ የሚሰኩት እኔ በምሰካበት ጆሮ ነው፤ ሳስነጥስ "ይማርዎ" የሚሉኝም በአንድ ድምፅ ነው። ከእነሱ ጋር አፌን መክፈት አያስፈልገኝም።

የተረፉት አራት ናቸው። በያጁ ብልጭታ አለ፣ ከቫርኒሽ ጣሳ ጋር ሳይቀር የሚጣላ። ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ፣ ቀለም ለመቀባት ተቀጥረው ሰውን ሁሉ "ለምን?" እያሉ የሚፈትኑ። አንድ የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር አለ። አራተኛዋ ንድፍ የምትሠራው ልጄ ናት። ኃላፊያቸው እሷ ሆነች።

ልጄን አልመረጥኳትም። ሰው ምን ይላል? ዘመዱን ሰበሰበ ነው የሚለው። እሷም ወረቀቷን ጠቅልላ ወጣች።

እራት ላይ ይህንኑ ለሚስቴ አስረዳኋት። "ወንድሜስ ምንህ ነው? መንገድ ላይ ያገኘኸው?" አለችኝ።

ማክሰኞ። 55 ቀን።

ሥራ ስንጀምር ደንብ አለን። እኔ ከሃያ ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያውን የተማሪ ዴስክ ስሠራ፣ ከጠንካራ እንጨት የቆረጥኳት የመለኪያ በትር አለችኝ፤ ልኳ አንድ ሜትር ከአሥር ነው። የዴስክ ርዝመት ማለት ነው። አዲስ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር አራቱም ከእሷ ላይ አዲስ በትር ይቆርጣሉ። የሚጠቀለለውን ሜትር አልወደውም፤ ይለጠጣል፣ ቁጥሩ ይደበዝዛል። በትር አትለጠጥም።

ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የምንለካው። አንዱ የቆረጠውን ጎረቤቱ በራሱ በትር ይለካዋል። እስከ ዛሬ ተጣልተንበት አናውቅም።

በትሬ ሌላም ጥቅም አላት። ስናገር ሲሚንቶው ላይ ጠቅ ጠቅ አደርጋታለሁ። አንድ ጊዜ ጠቅ ካደረግሁ ዎርክሾፑ በሙሉ ጸጥ ይላል። ዛሬም "ጸጥታ!" ብዬ ጠቅ አደረግሁ። ለነገሩ ማንም እያወራ አልነበረም።

ሐሙስ። 53 ቀን።

ሥራ በዛ። አሥራ አንድ አለቀ።

ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ ሲጮኹ ዋሉ። መምህርት፦ "ለምንድነው አንድ ሜትር ከአሥር የሆነው?" ብልጭታ፦ "ወረቀቱ ስላለ ነዋ!" መምህርት፦ "ወረቀት ሰው ነው የሚጽፈው።" ልጄ፦ "የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ግን ልክ ናቸው፣ እንነጋገርበት።" ሾፌሩ፦ "መጀመሪያ ምሳ አንበላም?"

መንታዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አንድም ጣውላ አልቆረጡም።

ቅዳሜ። 51 ቀን።

የቫርኒሹን ቀለም መረጥን። እኔ "ቡናማ" አልኩ። አማቼ "እኔም ቡናማ ልል ነበር" አለ። መንታዎቹ ቡናማ። ሬዲዮ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ሁላችንም ተስማማን።

እነሱ ሁለት ቀን ጨርሰውበታል። መምህርት ጥቁር ቡናማ ላይ የእርሳስ ጽሑፍ አይታይም፣ ልጅ እየጻፈ መሆኑ አይታወቅም ይላሉ። ታዲያ ባይታይ ምናለበት? ዴስክ ላይ መጻፍ ክልክል አይደለም እንዴ?

ማክሰኞ። 48 ቀን።

ልጄ መጣች። ብልጭታና ሾፌሩ ብረት ፋብሪካው ድረስ ሄደው አንድ የብረት እግር ለናሙና አምጥተዋል። እሱን ለማግኘት ስድስት ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ በዚያ ላይ ብልጭታ ከፋብሪካው ዘበኛ ጋር ተጣልቷል። "አባዬ፣ ሥራችሁ ከማለቁ በፊት መጥታችሁ ጣውላችሁን ሞክሩበት" አለችኝ።

በሰዎቼ ፊት ነው ያለችኝ። በትሬን ጠቅ አደረግሁና፣ "እኛ አንቺ እርሳስ ሳትይዢ ጀምሮ ነው ዴስክ የምንሠራው" አልኳት።

"እሱማ አዎ" አለችና ሄደች። አማቼ "አሁን የኔ ልጅ እንዲህ ብትለኝ" ብሎ ጀመረ፤ ልጅ የለውም። ሁላችንም የብረት እግሩን ማየት እንደማያስፈልግ ተስማማን።

ነገሩ ለክፉ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ትንሽ ጮክ ብያለሁ መሰለኝ።

እሑድ። 43 ቀን።

ልጄ ምሳ ልትበላ መጣች። ጣቷ በቀለም ቢጫ ሆኗል፤ እነሱ በመጨረሻ ፈዛዛውን መርጠዋል ማለት ነው። ሚስቴ ምግቡን እያቀረበች፣ "ቤቴ ውስጥ ሁለት ቡድን ገብቷል፤ እኔ የየትኛው ነኝ?" ትላለች።

እኔ ምክር ቢጤ ጣል አደረግሁ። "ልጄ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል" አልኩ።

"እኛ ገና አንበሳ ነው አይደለም የሚለው ላይ ነን" አለችኝ።

ሚስቴ እስክታነባ ሳቀች። እኔም መሳቄ አልቀረም። ከዚያ ስንት ዴስክ እንደጨረሱ ጠየቅኋት፤ "ስምንት" አለች። እኛ አርባ ስድስት ነን። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደምትሠራ፣ ቁርስ በልታ እንደምትወጣ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። አልጠየቅኋትም። አንድ ጥያቄ ለአንድ ምሳ ይበቃል።

ረቡዕ። 40 ቀን።

አንድ ነገር አየሁ። ሬዲዮ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ የእነሱን የሚጠቀለል ሜትር ተውሶ አንድ ጣውላችንን ይለካል። ሲያየኝ ደነገጠና ሜትሩን ወደ ኪሱ ከተተው። የሰው ሜትር ኪሱ ከተተ!

ለአማቼ ነገርኩት። አማቼ አሰብ አደረገና፣ "ሜትር ምክንያት ነው፤ እዚያ ማዶ ዓይኑ ያረፈባት ሴት አለች" አለ። እዚያ ማዶ ያሉት ሴቶች ልጄና ጡረተኛዋ መምህርት ናቸው። ሬዲዮ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ወንደላጤ ነው። ልቤ ትንሽ ደንገጥ አለ። መንታዎቹ "ትዳር አስቦ ነው" አሉ። ሁላችንም ተስማማን።

ማክሰኞ። 34 ቀን።

ዘጠና ስምንት።

ሬዲዮ ጣውላ ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆመ። "ምን ሆንክ?" አልኩት። አፉን ከፈተ። መንታዎቹ መላጊያቸውን አቁመው አዩት፤ አማቼም ዞረ። "ምንም፣ ጋሼ" አለና ዘጋው።

አሞታል ብዬ በጊዜ ወደ ቤቱ ሰደድኩት። ደግ አለቃ ማለት እንዲህ ነው።

ሰኞ። 28 ቀን።

አንድ መቶ ሠላሳ። እነሱ ሠላሳ አንድ።

ትንሹ አለቃ ሁለቱንም ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፈና ቆሞ አየው። "መጽሐፉ እንዲህ አይልም ነበር" አለ፣ ለራሱ። ትከሻውን መታ መታ አደረግሁለት። መጽሐፍ የሚጽፉት ሰዎች አናጢ ቢሆኑ ኖሮ መች መጽሐፍ ይጽፉ ነበር?

ወደ ቤት ስመለስ መምህርትን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘኋቸው። ዝናብ ነበርና አንድ ጥላ ተጠለልን። "ኮንትራቱ ካልታደሰ ምን ሊያደርጉ አስበዋል?" ብዬ ጠየቅኋቸው፣ ለጨዋታ ያህል። "ጡረታዬ የቤት ኪራዬን ይከፍላል" አሉ። "ከቤት ኪራይ ሌላ የሚከፈል ነገር ባይኖር እንዴት ጥሩ ነበር።" ሳቁ። ደግሞ ወዲያው፣ "ቆይ ግን፣ እናንተ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ላይ የምትነሱት ለምንድነው?" አሉኝ።

እራት አልበላሁም። ሚስቴ "አሸነፍክ አይደል እንዴ፣ ምን ሆነህ ነው?" አለች። ሆዴን አሞኝ ነው አልኳት።

ረቡዕ። 26 ቀን።

ልጄ ዘንድ ሄድኩ። ማንም በሌለበት ሰዓት ጠብቄ ነው። "መንታዎቹን ለሦስት ቀን ልስጥሽ?" አልኳት።

እርሳሷን አስቀመጠች። "አባዬ፣ ታዝንልን ጀመር?"

"ኧረ በፍጹም! እጃቸው ሥራ ፈቶ ነው።"

"ሥራ ከፈቱ የናሙናው የብረት እግር አሁንም እዚህ አለ።"

ይቺ ልጅ እልኸኛ ናት። በማን ወጣች እንጃ። ተመለስኩ።

ማክሰኞ። 20 ቀን።

ሁለት መቶ! ጨረስን! ሃያ ቀን ሲቀረው!

መንታዎቹ ተቃቀፉ። አማቼ ለስላሳ ገዛ፣ እሱ ከገዛ ደግሞ ታሪክ ነው። ሬዲዮ አልጠጣም። እነሱ ሰማንያ አምስት ላይ ናቸው፤ ከተስማሙ በኋላ እንዴት እንደሚሮጡ! ግን አይደርሱም። ሐሙስ የብረት እግሮቹ ይመጣሉ።

አንድ ነገር ብቻ። ልጄ በመስኮት እያየችን ነበር። እጄን አነሳሁላት፤ እሷም አነሳችልኝ።

ሐሙስ። 18 ቀን።

አይገባም።

ሐሙስ፣ ማታ።

አሁን ልጻፈው።

የብረት እግሮቹ ረፋዱ ላይ በጭነት መኪና መጡ። ብረቱ ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር አለው፤ ጣውላው በሁለቱ ከንፈሮች ላይ ያርፍና በብሎን ይታሰራል። እኛ መጀመሪያ እንድንገጥም ትንሹ አለቃ ፈቀደ፤ ቀድመን ስለጨረስን ክብሩ የእኛ ነው። መንታዎቹ የመቀመጫውን ጣውላ አስቀመጡት። አማቼ፣ ማን ጠይቆት እንደሆነ እንጃ፣ "እስቲ ይመልከቱልኝ አለቃ፣ ይህ ነው ዴስክ!" ብሎ ተቀመጠበት።

ጣውላው ከአንዱ ከንፈር ሸርተት አለና አማቼን ይዞ ወረደ። እግሩ ወደ ሰማይ፣ እጁ ወደ ሁለቱ መንታዎች። ሌላ ጣውላ አመጣን። ያም ወረደ። አሥራ ሰባት ሞከርን። ሁሉም እኩል ያጥራሉ፤ አንዱ ከሌላው በፀጉር እንኳ አይለይም። እንዲህ እኩል የሆነ ሥራ በዕድሜዬ አልሠራሁም።

የእነሱ ጣውላ ጠቅ ብሎ ገባ። ሁሉም።

ብልጭታ ሳቀ፤ ሾፌሩ ክንዱን ያዘው። ልጄ አልሳቀችም። ተንበርክካ ክፍተቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወደ መሬት አየች። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ያልኩትን ደግሞ ልጻፈው፣ ለመቀጣጫ። ፋብሪካው ብረቱን አስረዝሞታል አልኩ። ጣውላው በዝናቡ ተኮማትሯል አልኩ። ንድፉ ተሳስቷል ማለት ጀመርኩ፤ የገዛ ልጄን ንድፍ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ልጄ ሜትሯን ዘርግታ ቀስ ብላ፣ "አባዬ፣ በትርህን ስጠኝ" አለች።

አንድ ሜትር ከስምንት ሴንቲ ከስምንት ሚሊ።

አሥራ ሁለት ሚሊ ጠፍቷል። ታችኛው ጫፏ ተጠርቦ፣ ተደቁሶ፣ ክብ ሆኗል። ሃያ ዓመት "ጸጥታ!" እያልኩ ሲሚንቶ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረግኋት፤ በጠቅ ቁጥር እያጠረች ኖራለች። እስከ ዛሬ የሠራነው ዴስክ እግሩም ገላውም እንጨት ነበርና ሁሉም አንድ ላይ አጠረ፤ ማን ያውቃል? አራቱም በትራቸውን ከእሷ ቆረጡ። ጎረቤት ጎረቤቱን ለካ። ሁለት ጊዜ ለካን። ሁለቱንም ጊዜ ተስማማን።

አርብ። 17 ቀን።

አልሄድኩም። አሞኛል አስብዬ ላክሁ።

ሚስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ" አለች። ከዚያ ግንባሬን ዳበሰችኝ። "ተነስ፣ አመድህን አራግፍ" አለች።

ቅዳሜ። 16 ቀን።

ሬዲዮ ቤቴ መጣ። በአሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያው ነው። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እሱ ጫማውን ሲያይ እኔም ጫማውን አየሁለት።

"ጋሼ፣ አውቄ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"ማጠሩን። የዛሬ ወር ገደማ አንዱ ጣውላ አጭር መሰለኝ። ጎረቤቴ ለካው፣ ልክ ነው አለ። ሌላውም ለካ፣ ልክ ነው አለ። ዓይኔ ነው የተበላሸው ብዬ ሜትር ተዋስኩ።"

"እና?"

"ሜትሩ አጭር ነው አለኝ። ግን አምስት በትር ልክ ነው ይላል። አንድ ሜትር ነው የያዝኩት።"

"አንድ ቀን አፍህን ከፍተህ ነበር" አልኩት። "ለምን አልነገርከኝም?"

የጫማውን ክር ፈትቶ መልሶ አሰረ። ከዚያ፣ "ጋሼ፣ እርስዎን ተሳስተዋል ብዬ አላውቅም" አለ። "ማናችንም ብለን አናውቅም። አባባሉን አላውቅበትም።"

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልኩ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ተቆጥቼ ብገላገል ደስ ባለኝ፤ ግን ሰውየው ዓይኑ እንባ ቋጥሯል፣ ወር ሙሉ እንቅልፍ አልተኛም። እኔ ደግሞ አሞታል ብዬ ወደ ቤቱ ሰድጄው፣ በደግነቴ ተኩራርቼ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ። ገልጬ አነበብኩት። አፈርኩ።

እሑድ። 15 ቀን።

ትንሹ አለቃ ቤት ሄጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ በወረቀት ጽፌ ፈረምኩለት። አራቱ የቆረጡት እኔ በሰጠኋቸው ልክ ነው። አነበበውና አጠፈው። "ቡድኑ ይበተናል፣ ጋሼ" አለ። መንታዎቹ ወደ በርና መስኮት ክፍል፣ ያውም አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት። አማቼ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት፤ እዚያ መቀመጫው አይወድቅም። እኔና ሬዲዮ ወደ ልጄ ቡድን። የእነሱ ኮንትራት ታደሰ።

ኃላፊዬ ልጄ ሆነች ማለት ነው። ለሚስቴ ስነግራት "እኔማ ከተወለደች ጀምሮ መስሎኝ ነበር" አለች።

ግን መጀመሪያ ሁለት መቶ አጭር ዴስክ አለ። እነሱም ገና መቶ አሥር ላይ ናቸው። እስኪያልቅ ሁላችንም አንድ ላይ እንሠራለን።

ሰኞ። 14 ቀን።

ዘጠኝ ሰው አንድ ጣውላ ከብቦ ቆመ። እኔ "ሁሉንም ጥለን እንደ አዲስ እንቁረጥ" አልኩ። "አይሆንም" ተባልኩ። "ጫፉ ላይ እንጨት እንለጥፍ" አልኩ። "አይሆንም።" ብልጭታ፣ "እንጨቱን ተዉት፣ የብረቱን ከንፈር በቀጭን ብረት በይጄ አስረዝመዋለሁ" አለ። ሾፌሩ፣ "ጭነቱ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል ከሁለቱም በኩል ስድስት ስድስት ሚሊ አድርገው" አለ። መምህርት፣ "ክፍተቱስ? ልጆች ጣታቸውን ይከቱበታል። ከዚያ ማስቲካ። ከዚያ የጎረቤታቸውን ጣት" አሉ። መንታዎቹ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለያይተው፣ አንዱ ክፍተቱ በስስ እንጨት ይሞላ ሲል ሌላው አይያዝም አለ። ተሟገቱ! እኔ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

አራት ሰዓት ፈጀ። እኔ ዘጠኝ ጊዜ "አይሆንም" ተባልኩ፤ በሃያ ዓመት ከተባልኩት ይበልጣል። ራሴን አመመኝ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ተመልሼ መጣሁ። የብልጭታ ከንፈር፣ የሾፌሩ ስድስት ስድስት፣ የመንታው ስስ እንጨት። ሞከርነው። አማቼ ተጠርቶ ተቀመጠበት፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ያዘው።

ልጄ በአጠገቤ ስታልፍ፣ "ደከመህ፣ አባዬ?" አለች። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አልኳት። "ዛሬ ተግባብተን ነው" አለች።

ሐሙስ። 11 ቀን።

ብየዳ። ስስ እንጨት። ብየዳ። ዘጠና ሁለት ተጠገነ። ጀርባዬ አለቀ።

ማክሰኞ። 6 ቀን።

የተጠገነው አንድ መቶ ሰባ። የእነሱ መቶ ሰማንያ ስምንት። የእነሱ ስል ለካ የእኛ ሆኗል።

ዛሬ ልጄን ጠየቅኋት። ለሰባት ሳምንት አፌ ላይ ያለውን። "ያን ቀን ስላልመረጥኩሽ ተቀየምሽኝ?"

የብሎን መፍቻዋን ከእጇ አልተወችም። "ያን ዕለት፣ አዎ" አለች። "ሁለት ቀን አልቅሻለሁ። ሦስተኛው ቀን ብልጭታና መምህርት ስለ አንድ ብሎን ሲጣሉ ጊዜ አጣሁ።"

ዘመዱን ሰበሰበ እንዳይሉኝ ነው ልላት ነበር። ውሸት ነው። እሷ ብትኖር ትጠይቀኝ ነበር፤ ሲጠይቁኝ አልወድም። ይህን ነገርኳት። "አውቃለሁ፣ አባዬ" አለች። ቀጣዩን ጣውላ አቀበልኳት።

ቅዳሜ። 2 ቀን።

አራት መቶ። ተጫነ። ሄደ።

ረቡዕ። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ሁለት ቀን።

አዲስ ሥራ መጣ፤ የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ። ጠዋት ከበን ቆምን፤ ልጄ፣ ብልጭታ፣ መምህርት፣ ሾፌሩ፣ ሬዲዮና እኔ። የጣውላውን ክምር በመዳፌ ዳሰስኩና፣ "ይህ ገና እርጥብ ነው፤ አንድ ሳምንት ይድረቅ" አልኩ።

"አይ" አለ አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞረ። ሬዲዮ ነው። ጆሮው ድረስ ቀልቷል፣ የሥራ ልብሱን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል። "አይ፣ ጋሼ። ተሳስተዋል። ደርቋል" አለ።

እኔ በአፌ የመጣውን ዋጥኩት። "እንየው" አልኩ። ልጄ ከመሃል አንዱን ጣውላ አውጥታ ቆረጠችው፤ ተሰብስበን አየነው፣ ዳሰስነው፣ መምህርት አሸተቱት።

እርጥብ ነበር። ሬዲዮ ተሳስቷል። አንገቱን ደፋ።

ትከሻውን ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። የምለውን አላዘጋጀሁም ነበር። "ነገም እንዲሁ በለኝ" አልኩት።